ፀረ-ቫይረሱ የአማርኛ መጻፊያችንን አላስጭን አለ፤ ላጥፋው ወይስ ልመነው?

የልደታዋ (ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ክስ፣ የመከላከያ መልስ፣ ይግባኝ፣ የውክልና ማመልከቻ፣ ሲገኝም የሠርግ ጥሪ እንጽፋለን። ዋናው ጸሐፊያችን ጋሼ በታይፕራይተር ሥራ የጀመሩ ሰው ናቸው። ወደ ኮምፒውተር ሲዛወሩ የለመዱት አንድ የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አለ (ስሙን አልጠቅስም፤ በሠሪዎቹ ላይ ክስ የለኝም)። የቁልፎቹ አቀማመጥ ከታይፕራይተሩ ጋር ስለሚመሳሰል ጣታቸው ዓይን አያስፈልገውም። ጠበቃው ቆሞ ሲናገር እሳቸው የጠበቃውን ፊት እያዩ ይጽፋሉ።

ባለፈው ሳምንት አሮጌው ኮምፒውተር አልነሣ አለ። ተበድሬ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ዊንዶውስ 11 ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ከአንድ ድረ ገጽ አወረድኩት። ስከፍተው ሰማያዊ ሳጥን መጣና የማይታወቅ ፕሮግራም ስለሆነ አስቁሜዋለሁ አለኝ። ፈራሁና ተውኩት። "ለምን ከሰው ደጅ እለምናለሁ፣ የራሳችን አለ" ብዬ ሁልጊዜ የምንጭንበትን ፍላሽ ሰካሁ። ይህኛው ባሰ። ሰማያዊ ሳጥን እንኳን አላመጣም፤ ቀይ ምልክት ያለበት ጋሻ በስክሪኑ ጥግ ብቅ አለና ፋይሉን ከፍላሹ ላይ አነሣው። ዓይኔ እያየ ከዝርዝሩ ጠፋ። ሌላ ቅጂ ከሌላ ፍላሽ አመጣሁ፤ እሱንም እንደዚያው።

ጎረቤቴ ያለው ልጅ "ፀረ-ቫይረሱን አጥፊውና ጫኚው፤ ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው" ይለኛል። ባንክ የምትሠራው እህቴ ደግሞ "እንዳትነኪው!" ትላለች። በመካከሉ ጋሼ ሁለት ቀን ሙሉ ሻይ እየጠጡ ተቀምጠዋል። ደንበኛ የቀጠሮው ቀን እንጂ የእኔ ቫይረስ አያሳስበውም።

ሌላም ጣጣ አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ያጠራቀምነው ሰነድ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት አማርኛ አይደለም። ነጥብና ጭረት የተደፋባቸው የላቲን ፊደላት ናቸው፣ ገጹ ሙሉ። ትናንት አንድ ሽማግሌ የ2009 ዓ.ም. ይግባኛቸውን ቅጂ ፈልገው መጥተው ስክሪኑን ሲያዩ "ልጄ፣ ይህ የእኔ ጉዳይ ነው?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ምን ላድርግ?

ጥገና ቤት (ማክሰኞ፣ 4፡50)

እህቴ፣ አትጨነቂ። ይህ በየሳምንቱ ወደ ሱቄ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ሥራው ምንድን ነው? የምትነኪውን ቁልፍ ከዎርድ ቀድሞ ይቀበላል። "ለ" ብለሽ "ኡ" ስትጨምሪ የመጀመሪያውን አጥፍቶ "ሉ" ይተካል። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሰላይ ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቁልፉን ሁሉ ቀድሞ ይቀበላል። ስለዚህ ፀረ-ቫይረሱ አንዳንዴ ሁለቱን ያምታታል። በዚያ ላይ የቆዩት የአገራችን ፕሮግራሞች ዲጂታል ፊርማ የላቸውም፤ ሠሪው ማን እንደሆነ ኮምፒውተሩ የሚያረጋግጥበት ማኅተም ማለቴ ነው። ማኅተም የሌለው ማስረጃ ይዞ ችሎት የሚቀርብ ሰው ምን እንደሚባል አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ነው። ጥበቃውን ለጊዜው አጥፊ፣ ጫኚ፣ ፎልደሩን ከፍተሻ ነጻ አድርጊ፣ ጥበቃውን መልሰሽ አብሪ። አሮጌው ኮምፒውተርሽ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን ክፉ አሳይቶሻል?

ዘበኛው (ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡35)

ሥራዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው፤ ስሜም ከዚያው የመጣ ነው። ጥገና ቤት ስለ ፕሮግራሙ የጻፈውን አልቃወምም። ግን የልደታዋ ያየችው ሁለት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር አይናገሩም።

ሰማያዊው ሳጥን "ይህን ሰው አላውቀውም" ነው የሚለው። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ የመጣበትን ቦታ የሚናገር ምልክት ይቀመጣል። ዊንዶውስ ያንን ምልክት አይቶ ፋይሉ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ ፊርማ ያለው መሆኑን ይጠይቃል። የእኛን አገር ፕሮግራም የሚጭነው ሰው ጥቂት ስለሆነ ዓለም አያውቀውም፤ አለመታወቅ ግን ጥፋት አይደለም። ፍላሽ ላይ ሰማያዊው ያልመጣውም ፍላሹ ስለታመነ አይደለም፤ ያ ምልክት ስለሌለበት ነው።

ቀዩ ጋሻ ግን "ይህን ሰው አውቀዋለሁ" ይላል። በምን ስም እንደሚያውቀው ደግሞ መዝግቦታል። እህቴ፣ "የጥበቃ ታሪክ" የሚለውን ገጽ ክፈቺና የጻፈውን ስም ሙሉውን ቅጂልን። ከፊት ያለችው የመጀመሪያዋ ቃል ዓይነቱን ትናገራለች። "የማይፈለግ ፕሮግራም" ካለ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ምናምን ነው። "ሐክቱል" ካለ የፈቃድ መስበሪያ ነገር ነው። "ቫይረስ" ካለ ግን ቆም እንበል። ስሙን ሳናይ አጥፊ አታጥፊ መባባል በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

የልደታዋ (ማክሰኞ፣ 10፡20)

ከፍቼ አየሁት። ከፍላሹ ፋይል ፊት ለፊት "ቫይረስ" ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ "ዊን32"፣ ከዚያ "ሳሊቲ" የሚል ስም ነው። በሁለተኛው ፍላሽ ላይም ያው። ከድረ ገጽ ያወረድኩት ላይ ግን ምንም ስም የለም፤ ሰማያዊው ሳጥን ብቻ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ የተመኘው ጥገና ቤት ልክ እንዲሆን ነው። ጋሼ "ይህ ማሽን እኔን ነው የማይወደኝ" እያሉ ነው።

ጥገና ቤት (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05)

አሁንም እጄን አልሰጥም። ፀረ-ቫይረስ ሲሳሳት የሚሳሳተው በእንደዚህ ዓይነት እርግጠኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ማካፊ ያወጣው አንድ ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ዋና ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ አነሣውና በየአገሩ ኮምፒውተሮች እየተነሡ እየወደቁ ዋሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የማይክሮሶፍት የድርጅቶች መከላከያ የማይክሮሶፍትን የራሱን ኦፊስ ማሻሻያ "ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት" ብሎ ከሰሰው። አባት ልጁን! በዓመቱ ደግሞ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2023፣ ያው መከላከያ የዎርድና የኤክሴል አቋራጮችን (ሲነኩ ፕሮግራሙን የሚከፍቱትን ምልክቶች) ከሰው ዴስክቶፕ ላይ ጠርጎ አጠፋ። አርብ ቀን ነበር፤ ሰው ሥራውን ጀመረ፣ ዎርድ የለም።

እንግዲህ በየጊዜው "ጅብ መጣ" የሚል ዘበኛ ይዘን ነው የምንኖረው። ሰው ማስጠንቀቂያ ሳያነብ "እሺ" የሚለው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። (ከላይ ያለውን ዘበኛችንን ማለቴ አይደለም።)

ዘበኛው (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40)

የተጠቀሱት ሁሉ የሆኑ ናቸው፤ እኔም ያቺን አርብ አልረሳትም። ነገር ግን ሳሊቲ የሚለውን ስም ለሚያውቅ ሰው ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሳሊቲ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የሚታወቅ የቆየ ቫይረስ ነው። ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ አይመጣም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች እየፈለገ በእያንዳንዳቸው ላይ ራሱን ይለጥፋል። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ መጠኑ ብቻ ትንሽ ይወፍራል። በፍላሽ ይተላለፋል። እንግዲህ የእኛን መጻፊያ አስቡት፤ ከሲዲ ወጥቶ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ሲዞር የኖረ ነው። በመንገዱ ላይ አንድ የታመመ ኮምፒውተር ካገኘ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቅጂ ሁሉ እንግዳ አዝሏል። ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው፤ ቅጂው ነው የታመመው። የሁለታችንም ክርክር ልክ የሚሆንበት ቦታ እዚህ ላይ ነው።

"አሮጌው ላይ አንድ ቀን ክፉ አላሳየም" ለተባለው፦ ሳሊቲ ከገባ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የፀረ-ቫይረስ ፕሮግራሞችን ማጥፋት ነው። እህቴ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ፀረ-ቫይረስ ነበረሽ? ይከፈት ነበር?

ሌላው፣ ያቺ ፍላሽ የስንት ጠበቃ ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካች አስቢ። ለወቀሳ አይደለም። በሰነዶቻችሁ ውስጥ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ፣ የሕፃናት ስም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ሰው መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ በሕግ የተጻፈ ነው።

አንድ ሐሳብ አለኝ። የመጀመሪያው ሲዲ ይኑር አይኑር ጋሼን ጠይቂያቸው። ሲዲ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ቫይረስ ሊለጠፍበት አይችልም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15)

የእናንተን ሳነብ የእኛ ቢሮ ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ልውጣና ልመለስ።

እኛ የሒሳብ አገልግሎት የምንሰጥ አራት ሰዎች ነን። የእኛ ችግር አማርኛው ሳይሆን ራሱ ኦፊስ ነበር። ኮምፒውተሮቹን ስንገዛ ሻጩ ኦፊስ ጭኖ ሰጠን፤ "ሙሉ ነው" አለን፣ እኛም ደስ አለን። ሙሉ ያደረገው የፈቃድ መስበሪያ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ትልልቅ ድርጅቶች ፈቃዳቸውን የሚያድሱበትን ሰርቨር መስሎ ኦፊስን ያታልላል። ፈቃዱ በየ180 ቀኑ መታደስ ስላለበት ፕሮግራሙ ተደብቆ ሁልጊዜ ይኖራል። ፀረ-ቫይረሱ ታዲያ በየጊዜው "ሐክቱል" እያለ ያነሣዋል፣ ኦፊስ ይቆለፋል፣ እኛ ወር መጨረሻ ላይ ደመወዝ ሠንጠረዥ ይዘን እንጮኻለን። የመጣው ባለሙያ (ጥገና ቤት፣ አንተን አይደለም) ነገሩ ሰለቸውና ሲ ድራይቭን በሙሉ ከፍተሻ ነጻ አደረገው። በሙሉ! ጋሻው አረንጓዴ ሆኖ ሰላም ሰፈነ። ሰላሙ የመጣው ዘበኛው ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ አስፋልቱን እንዲጠብቅ ስለተነገረው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አንዷ ባልደረባችን ኦፊሱ ሲቆለፍባት መስበሪያውን ራሷ ፈልጋ ከአንድ ድረ ገጽ አወረደች። ከዚያ የኢሜይሏ የይለፍ ቃል ተሰረቀ፤ በእሷ ስም "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል" የሚል ደብዳቤ ለደንበኞቻችን ተላከ። አንዱ ደንበኛ ደውሎ ባይጠይቅ ኖሮ ከፍሎ ነበር። በኋላ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የደህንነት ባለሙያዎች ስለዚሁ ጉዳይ አስጠንቅቀው እንደነበር አየሁ፤ የታወቀውን መስበሪያ መስለው የይለፍ ቃል ሰራቂ የሚያሸክሙ ሐሰተኛ ጫኞች ይዞሩ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን ሦስቱ ኮምፒውተሮች ላይ ሊብሬ ኦፊስ ነው ያለው፤ ነጻ ነው፣ ማንም አይቆልፈውም። አላሞካሸውም፤ ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ያለባቸው የኤክሴል ቅጾቻችን እዚያ ላይ አንካሳ ናቸው፣ ከዎርድ የመጣ ሠንጠረዥም ግራ ቀኙን ይስታል። ለእነዚያ ሲባል ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ትክክለኛ ፈቃድ ገዛን። ወረፋ ይዘን እንጠቀምበታለን። ያናድዳል፣ ግን ወር መጨረሻ ላይ እንተኛለን።

የልደታዋ፣ ከዚህ ሁሉ ለአንቺ የሚሆነው ይህ ነው፦ ነጻ ማድረግ ግድ ከሆነ አንዷን ፋይል ብቻ ነጻ አድርጊ፤ ፎልደር፣ ፍላሽ ወይም ድራይቭ በሙሉ አይሁን።

ነገረ ፈጅ (ረቡዕ፣ 5፡00)

እኔ እዚያው አካባቢ የምሠራ ጠበቃ ነኝ፤ ምናልባት የእርስዎ ደንበኛም እሆናለሁ። ፍላሼን አውጥቼ ስሰጥ "መጀመሪያ ይፈተሽ" የሚለኝ ጽሕፈት ቤት ካለ ነገ ወደ ጎረቤቱ እሄዳለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ የራሴን ፍላሽ ከፈትኩ። ፎልደሮቼ በሙሉ አቋራጭ ሆነዋል፤ አንዱን ስነካ ሌላ ይከፈታል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ያስለመደኝ የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ነው፤ "ሁለቴ ንካው፣ ይከፈታል" ብሎ።

ይህን ያልኩት ለመወንጀል አይደለም። ማን ለማን እንደሰጠ በማስረጃ ማረጋገጥ አይቻልም።

ከሜሪላንድ (ረቡዕ፣ 11፡30)

እዚህ የሕክምናና የፍርድ ቤት ሰነዶችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። የምሠራበት ላፕቶፕ የድርጅቱ ነው፤ በእሱ ላይ አንዲት ፕሮግራም እንኳን መጫን አልችልም። ስለዚህ እንደ እናንተ የምመርጠው ነገር አልነበረኝም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት በሚመጣው የአማርኛ መጻፊያ መኖር ተማርኩ። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ማለት ነው፣ ዊንዶውስ ንያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ ይመጣ ነበር። መጻፊያውን ከቋንቋ ቅንብር ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። ማንም ፀረ-ቫይረስ አይከሰውም፤ የቤቱ ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ወር ግን ቅጣት ነበር። "ጭ" ሺፍት ይዞ እንደሚጻፍ እስክለምድ ድረስ ስንቱን "ጭንቅላት" "ችንቅላት" ብዬ ላክሁ። አንድ የሕክምና ፈቃድ ቅጽ ላይ አንዲት እናት አይታው ስቃለች፤ እኔ አላስቀኝም።

የልደታዋ የጻፈችውን የላቲን ፊደል ጫካ ከዚህ በኩል በደንብ አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ግልባጭ ይላክልኛል፣ ስከፍተው ያው ነው። ላኪው "እዚህ በደንብ ይታያል" ይላል። ይታየዋል፤ ፎንቱ ያለው እሱ ጋ ነው። አሁን ወይ በዩኒኮድ (ፊደላችን የራሱ ቦታ ባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ይጻፍልኝ ወይ በፒዲኤፍ ይላክልኝ እላለሁ።

ስለ ፀረ-ቫይረስ ማመን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር ካስፐርስኪ የተባለውን ፀረ-ቫይረስ መሸጥ ተከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 በኋላም ማሻሻያ ማቅረብ አይችልም። የመንግሥትን ውሳኔ ልክነት ለሌላ ቀን እንተወው። እኔን የገረመኝ ለዓመታት "ይህን አትመኚ" ሲለኝ የኖረው ዘበኛ ራሱ አትመኚው መባሉ ነው።

ባለፎንቱ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡20)

ሁለት ጉዳዮችን እያደባለቃችሁ ነው፤ ፕሮግራሙና ፎንቱ የተለያዩ ናቸው።

በድሮው አሠራር አንድ ፎንት 256 መቀመጫ ብቻ ነበረው። የእኛ ፊደል ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ በዚያ አይበቃም። ስለዚህ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ዘመን ፊደላችን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ተከፋፍሎ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የላቲን ፊደል ነው፤ "ለ" አድርጎ የሚሥለው ፎንቱ ነው። ፎንቱን ስታነሡት የወንበሩ ባለቤት ይታያል። ሽማግሌው ያዩት እሱን ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ከሰጠ በኋላ ይህ ሁሉ ማብቃት ነበረበት፤ ልማድ ግን ከደረጃ ይልቃል።

ከዚህ የሚከተለው፦ አሮጌ ሰነድ ለመክፈትና ለማተም ፕሮግራሙ አያስፈልግም፣ ፎንቶቹ ብቻ ይበቃሉ። ፎንት ቁልፍ አይጠልፍም። (ፎንትም ቢሆን መልአክ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዱቁ የተባለው የስለላ ፕሮግራም የገባው በዎርድ ሰነድ ውስጥ በተደበቀ ፎንት ነበር። ቀዳዳው በዚያው ዓመት ተደፍኗል።)

አዲስ ለመጻፍ ኪማን የሚባለውን መጻፊያ ፕሮግራም ሞክሩ፤ ነጻ ነው፣ ዲጂታል ፊርማ አለው፣ የአማርኛ ኪቦርድ ከራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል።

አሮጌውን ወደ ዩኒኮድ መለወጫ መሣሪያዎች አሉ። በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ እንዳትሞክሩ። እኔ ስለውጥ ከሁለተኛው ፎንት የሚመጡት ፊደላት ባዶ ቦታ ሆነው የቀሩበት ጊዜ አለ። ደብዳቤ ቢሆን ይታለፋል፤ በክስ ላይ ግን "ከበደ" "ከደ" ሆኖ ቢወጣ ሌላ ተከሳሽ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

ፋይል የምትጠራጠሩ ከሆነ ቫይረስ ቶታል የሚባል ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ወደ ሰባ የሚጠጉ ፀረ-ቫይረሶች አንድ ላይ ያዩታል። ጫኚውን ብቻ! የደንበኛ ሰነድ እዚያ እንዳታስገቡ፤ የገባውን ፋይል ከፍለው የተመዘገቡ ሌሎች ሰዎች ማውረድ ይችላሉ።

የልደታዋ (ማክሰኞ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ማታ 2፡00)

የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼን ስለ ሲዲው ስጠይቃቸው ምንም አልተናገሩም። ተነሥተው የጠረጴዛቸውን የታችኛውን መሳቢያ ከፈቱ። ከድሮ የካርቦን ወረቀት ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከነሽፋኑ። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አሉ። ላፕቶፑ ሲዲ ማጫወቻ ስለሌለው ከጥገና ቤት ተዋስኩ (አዎ፣ ሱቁ ድረስ ሄድኩ፤ በአካል ከጽሑፉ ይልቅ ትሑት ነው)።

አንድ ላይ ሆነን አየነው። የሲዲው ጫኚና የፍላሹ ጫኚ ስማቸው አንድ ነው፣ ምልክታቸው አንድ ነው። የፍላሹን በጥገና ቤት መሞከሪያ ኮምፒውተር ላይ ነው የከፈትነው። መጠኑ ከሲዲው በልጧል። በጣም አይደለም፤ እንደ ትንሽ ፎቶግራፍ ያህል። ቫይረስ ቶታል ላይ የሲዲውን የጠረጠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም "ሳይሆን አይቀርም" በሚመስል ስም። የፍላሹን ግን አብዛኞቹ በአንድ ድምፅ ሳሊቲ አሉት። ጥገና ቤት ዝርዝሩን ወደ ታች እያንከባለለ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

እንግዲህ ተደስቼ ሲዲውን ላፕቶፑ ላይ ልጭን ስል ቀይ ጋሻ የለም፣ ሰማያዊ ሳጥን የለም። ዊንዶውስ በጨዋ ደንብ "ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ አይችልም" አለኝ። ጫኚው የተሠራበት ዘመን ዊንዶውስ 11 ከሚያውቀው በፊት ነው። ያን ሁሉ የተጨቃጨቅንበት ፕሮግራም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፣ አረጀ። ጋሼ ሰሙና "እኔንም ነገ እንዲህ ይሉኛል" አሉ። ሳቅን፣ ግን ብዙ አልሳቅንም።

ባለፎንቱ እንዳለው ፎንቶቹን ብቻ ከሲዲው ገልብጠን ጫንናቸው። የሽማግሌውን ይግባኝ ከፈትኩ፤ ከላይ እስከ ታች አማርኛ! ደውዬላቸው መጥተው ቅጂያቸውን ወሰዱ። ኪማንንም ጭነናል። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ክስ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው፤ ድሮ ሩብ ሰዓት ነበር። ጠበቃውን ሳይሆን ኪቦርዱን እያዩ ይጽፋሉ። ለዚህ መፍትሔ የለኝም። ቁልፎቹ ላይ ፊደል የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ለጥፌላቸው ነበር፤ ማታ ሳይናገሩ ላጡት።

አሮጌው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነበር። ፀረ-ቫይረስ ነበረው ወይ ለተባለው፣ ምልክቱ በጥጉ ላይ ነበረ፤ ስንነካው ግን ተከፍቶ አያውቅም። ዕድሜው ነው ብለን ትተነዋል።

ፍላሾቹን ሰነዱን ብቻ አስቀርተን አጸዳናቸው። ግድግዳው ላይም "ፍላሽ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሻል" ብዬ ለጠፍኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው ተቆጣኝ። አንዱ "ሌባ ነኝ?" ብሎ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ፣ ጎረቤት መብራት ጠፍቶ ነበር።

ጥገና ቤት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30)

ስለ ትሕትናዬ የተባለውን እቃወማለሁ። የቀረውን እቀበላለሁ። በሱቄ ያሉትን የመጫኛ ፍላሾች በሙሉ ዛሬ ፈተሽኳቸው። ከአምስቱ ሦስቱ። ደንበኞቼ እንዳይሰሙ።

ነገረ ፈጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10)

ሰምተናል።

አዲስ ገቢ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40)

ሰላም እህቴ፣ ታሪኩን ሙሉውን አላነበብኩትም፤ ግን ያ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እኔም በጣም ያስፈልገኛል። ነገ ልደታ ስመጣ በፍላሽ ትገለብጪልኛለሽ?